የአውሬ ተራ

ሐይቅ ከተማ የተወለደ ሰው ስለ ውሃ አያስብም። ከደጁ ወጥቶ ቁልቁል ካየ ውሃ ነው፤ ዞር ብሎ ካየም ያው ውሃ ነው። እኔ ይመር ልብስ ሰፊው፣ ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው እሱኑ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ ያለም፣ «እኔ አራስ ነኝ፤ እናቴን ደሃና ድረስ አንተ አድርስልኝ» ስትለኝ የጠየቅኋት ስለ መንገዱ፣ ስለ መኝታውና ስለ ቁንጫው ነበር። ዋናው ጉዳይ ውሃ መሆኑን የነገረችኝ ሻንጣዬን ካሰርኩ በኋላ ነው። ታውቅበታለች።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አማቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ ዋግ ውስጥ፣ ደሃና ተወልደው ያደጉ ናቸው። በወጣትነታቸው ቤተሰብ ያልመረጠላቸውን የሐይቅ ነጋዴ ተከትለው ሲወጡ፣ ታላቅ ወንድማቸው አያ ገብሬ መንገድ ላይ ቆመው «ከሄድሽ የደሃናን ውሃ እንዳትቀምሺ!» አሏቸው። እሳቸውስ ማንን ፈርተው! «አንተው በእጅህ ካልሰጠኸኝ ብቀምስ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» ብለው በሰው ፊት ማሉ። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ተያይተው አያውቁም። ነጋዴው ባላቸው አረፉ፣ ልጆች ተዳሩ፣ የእናታቸውም መርዶ ሐይቅ ድረስ መጣ። ዘንድሮ አንድ ቀን ጥጥ እየፈተሉ እንደ ዋዛ፣ «ሳልሞት ያን ውሃ ከእጁ ልጠጣ» አሉ። እንግዲህ የሄድነው ለዚህ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። እኛም አገር አማት አማቿን ታፍራለች፤ የሳቸው ግን የተለየ ነው። በፊቴ አይበሉም፣ አይጠጡም፣ ስሜንም አይጠሩም። ያለምን ካገባሁ ጀምሮ አንዲት ጉርሻ ሲውጡ አላየሁም። ሊያናግሩኝ ሲፈልጉ እንኳ ግድግዳውን ወይም ድመቷን ያናግራሉ። «ሰውየው ካፖርቱን ይልበስ፣ ብርድ ነው» ይሏታል ድመቷን። እኔም ካፖርቴን እለብሳለሁ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ነው እንግዲህ ያን ሁሉ አገር የተጓዝኩት።

ሰኞ ማለዳ ከደሴ የመጣው አውቶቡስ አነሳን። ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ የነቢያት ጾም ላይ ነን። አማቴ ሁለት ቅል ይዘዋል። ትልቁ ባዶ ነው፤ ትንሿ ግን ሙሉ ናት፣ አፏም በሰም ታሽጓል። ጎህ ሳይቀድ ሐይቁ ዳር ወርደው ራሳቸው ነው የቀዷት። «እማማ፣ ቅሏን ልያዝልዎ?» ብላቸው፣ «ሰውየው የራሱን ዕቃ ይያዝ» አሉት ለመስኮቱ። ወልድያ ምሳ ስንበላ እሳቸው ጓዳ ገብተው ከባለ ሆቴሏ ጋር በሉ። የሐይቅ ዓሣ የለመደ ሰው የወልድያ ሽሮ ምን ይመስለዋል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ጣቴን ነው የላስኩት።

አላማጣን አልፈን የግራ ካሕሱን ዳገት ስንጀምር መኪናው ፈላ። ረዳቱ ውሃ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል አንዱ ተሳፋሪ የአማቴን ቅል ጠቆመው። «እናቴ፣ ያቺን ያውሱን» አለ ሾፌሩ እጅ እየነሳ። አማቴ ቅሏን ነጠላቸው ውስጥ ወሸቋት። «የሰው አደራ ናት። መኪናው ከወንዝ ይጠጣ!» አሉ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ቁልቁል ወርዶ ውሃ አምጥቶ እስኪመለስ ድረስ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ዝንጀሮዎች ሲላፉ አየን። የማን አደራ እንደሆነች ግን አልጠየቅኩም። ለራሳቸው የያዟት ስንቅ መስላኝ ነበር።

ኮረም ስንገባ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። የአሸንጌ ሐይቅ ከማዶ ነው አሉኝ፤ ጭጋግ ውጦት ስለነበር አላየሁትም። በልቤ ግን «ከኛ አይበልጥም» ብዬ ፈረድኩ። ያደርንበት ቤት አልጋው አንድ ነበር። እሱን ለአማቴ ለቅቄ እኔ መደብ ላይ ከቁንጫ ጋር ስታገል አደርኩ። ጠዋት የቤቱን ምሰሶ «ሰውየው አልተኛም፤ እግዜር ይስጠው» አሉት። ከሳቸው ምርቃት ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማክሰኞ ጨው በጫነ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ወደ ሰቆጣ ጉዞ ቀጠልን። መኪና ያስገባል የተባለው መንገድ መኪናውን በግድ ነው ያስገባው። አማቴ ከሾፌሩ ጎን ሆኑ፤ እኔ ጆንያው ላይ። የዋግ ተራራ ልብሱን አውልቆ የተቀመጠ ነው፤ ድንጋዩ ይታያል፣ አጥንቱ ይታያል። እኛ ዘንድ ይሄኔ ዳገቱ ገና አረንጓዴ ነው። እዚህ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ወይ ቁልቋል ነው ወይ ቤተ ክርስቲያን። ከሩቅ አንድ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሲታይ አብሮኝ የተጫነው ገበሬ ቆብ አውልቆ ይሳለማል። ምነው ቢሉ ደን ካለ ታቦት አለ።

ሰቆጣ ያሳደሩን ሐጂ እድሪስ የሚባሉ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የባለቤቴ አባት የንግድ ወዳጅ ነበሩ። እሳቸው እስላም፣ እኛ ክርስቲያን፣ ያውም ጾመኛ። አልተቸገሩም። ጎረቤታቸው ያሉ አንዲት ክርስቲያን ሴት ከነድስታቸው ተጠርተው መጡና የጾም ወጥ ሠሩልን። ከራሳቸው ጓዳ ደግሞ ነጭ የዋግ ማር አቀረቡ። እንደ ቅቤ የረጋ ማር! ሐይቅም ማር አለ፣ ክፉ አላወራም፤ ግን አይገናኝም። ለአማቴ በክፍሉ መሃል የአቡጀዲ መጋረጃ ተሰቀለላቸው። እኔ በወዲህ በኩል ሆኜ ውሃ ሲጠጡ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰቆጣ ደሃና አይደለም፣ መሐላው አይደርስበትም።

ሐጂ ታሪኩን ያውቃሉ። «ገብሬ የኩሬው አባት ነው። ለሰው ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ ለራሱ ነው» አሉኝ። «በገበያተኛ ልኬበታለሁ፤ መምጣታችሁን ሰምቷል። ወላሂ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነው፤ ይሰጣታል።» ረቡዕ ማለዳ የራሳቸውን በቅሎ ጭነው ሰጡንና እስከ ከተማው ጫፍ ሸኙን።

ረቡዕን ስንወጣ ስንወርድ ዋልን። አማቴ በቅሎዋ ላይ ናቸው፤ እኔ በእግሬ። ሽኮኮዎች ከድንጋይ ላይ ብቅ እያሉ ያዩናል፣ ስንቀርባቸው ጥልቅ ይላሉ። ጅግሮች መንገዱን በመንጋ ሲያቋርጡ በቅሎዋ ቆማ ጠበቀቻቸው። ገደሉ ላይ አንድ ሰስ፣ ያ ትንሹ የገደል ሚዳቋ፣ በአራት እግሩ የእጄን መዳፍ በማታህል ድንጋይ ላይ ቆሞ አየሁ፤ ሳይንሸራተት! አማቴ ለበቅሎዋ የዛፉን ሁሉ ስም እየነገሯት ነው የሚሄዱት። «ያውልሽ ወይራ፣ ያ ደግሞ ጥድ ነው» ይሏታል። ስሙን እኔም እንድሰማ መሆኑ ገባኝ። ደስ አለኝ። ያን ምሽት አንድ ገበሬ ቤት የመሸብን እንግዳ ነን ብለን አደርን። ሰውየው የራሱን ቁርበት አንጥፎልኝ እሱ ከፍየሎቹ ጋር ተኛ።

ሐሙስ ጠዋት ከአንድ ወንዝ ደረስን። «ከዚህ ወዲያ ደሃና ነው» አሉ አማቴ ለበቅሎዋ። ወረዱና ከወዲህኛው ዳር ትልቁን ቅል ሞሉ፤ እስኪረኩም ጠጡ። እኔ ፊቴን አዙሬ ነበር። ወንዙን ተሻግረን፣ ዳገቱን ተያይዘን ግማሽ ቀን ያህል እንደወጣን በቅሎዋ አዳለጣትና በጉልበቷ ተንበረከከች። አማቴን ያዝኳቸው። ትልቁ ቅል ግን ከኮርቻው ተፈትቶ ድንጋይ ላይ ተፈረከሰ። ውሃው አፈሩ ውስጥ ስርግ አለ።

«ተመልሼ ወንዙ ድረስ ልሂድ» አልኩ።

«እሰይ፣ በቅሎዋ ተረፈች» አሉ እሳቸው። «ሰውየው ወደ ኋላ አይድከም። ወንድሜ ዛሬውኑ ይሰጠኛል።»

«ትንሿስ አለች አይደል?»

ትንሿን ቅል ጭናቸው ላይ አስተካከሏት።

ወደ ማታ ከአምደወርቅ ወዲህ ካለች አንዲት መንደር ገባን። የአያ ገብሬ ልጅ ለተብርሃን እየሮጠች ወጥታ የአክስቷን እግር ሳመች። አይታቸው አታውቅም፤ ግን አለቀሰች። ልጅት ስታለቅስ አማቴም አለቀሱ፣ እኔም ምን ቤት ነኝ ሳልል አለቀስኩ። «አባቴ ኩሬው ጋ ነው። የአውሬ ተራ ደርሷል» አለችን።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳችሁ። ከመንደሩ ሥር የደብሩ ደን አለ፤ ደኑ መሃል ኩሬ። ትልቅነቱ? ከአንድ አውድማ አይበልጥም። እኛ ሐይቅ እንዲህ ያለውን ውሃ የዝናብ ጥርቃሞ እንለዋለን። ለነሱ ግን እስከ ክረምት የሚያደርሳቸው እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተራ አለው። ጠዋት የሰው፣ እኩለ ቀን የከብት፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ደግሞ የአውሬ ነው። በአውሬ ተራ አንዲት ጣሳ የቀዳ ሰው በደብሩ አደባባይ ይወቀሳል። አውሬውም የታቦቱ እንግዳ ነው፣ አይነካም። ይህን የሚያስከብሩት ሰው አያ ገብሬ ናቸው።

ወረድን። አንድ ሽማግሌ ከኩሬው ፈንጠር ብሎ ካለ ትልቅ ወይራ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ረጅም፣ እንደ በትራቸው የደረቁ። አማቴን አይተው ተነሱ። በኽምጣንጋ፣ በዋግ አገዎች ቋንቋ፣ አንድ ቃል ተናገሩ። አማቴም አንድ ቃል መለሱ። «ምን ተባባሉ?» አልኳት ለተብርሃንን በሹክሹክታ። «‹መጣሽ?› አላት። ‹መጣሁ› አለችው።» ይኸው ነው። ከዚያ ሁለቱም ተቀመጡ፤ በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው።

አውሬው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ጅግሮች፣ እንደ ማኅበርተኛ ተሰልፈው። ከዚያ ጦጣዎች፤ እናቲቱ እየጠጣች ግልገሏ በጡቷ ሥር ተንጠልጥሎ ከውሃው ጋር ይተያያል። ሁለት ዳክዬዎች ከሰማይ ወርደው ዝፍቅ አሉ። በመጨረሻ አንዲት ሚዳቋ ከጥዱ መሃል ወጣች። አንድ እርምጃ ትራመዳለች፣ ትሰማለች፤ እንደገና ትራመዳለች። ጠጥታ ቀና ስትል ከከንፈሯ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። እኛ አገር ያለው አውሬ ሰው ሲያይ ይፈረጥጣል፤ ይቺ አየችንና መጠጣቷን ቀጠለች። ደስ ብሎኝ ወደ አማቴ ዞር ስል ዓይናቸው ከዚያች ጠብታ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ደስታዬ ከሰመ።

ሲጨላልም ተነስተን ሄድን። አያ ገብሬ ወደ ኋላ ቀሩ። ውሃ አልሰጡም።

አርብ በሰው ተራ ሴቶቹ ኩሬው ዳር ሞልተው ሳለ አማቴ ራቅ ብለው ተቀመጡ። መንደሩ ሁሉ ወሬውን ሰምቷል። አንዷ ውሃ ስታቀርብላቸው፣ ሌላዋ ስትለምናቸው ረፈደ። የደብሩ ቄስ መጡና «መሐላሽን እኔ እፈታዋለሁ፣ ስልጣን አለኝ» አሏቸው። «አባቴ፣ እርስዎ ይፍቱት፤ እኔ ግን ከእጁ ነው የጠማኝ» አሉ አማቴ። ቄሱም መስቀላቸውን አሳልመው ሄዱ። አያ ገብሬ የት ሄዱ ቢባል፣ አስቀድመው መጥተው ቀድተው ሄደዋል ተባለ።

ምሳ ላይ ለተብርሃን ብልሃት አመጣች። በእሳት ያለፈ ውሃ ውሃ አይባልም ብላ ሽሮውን አቀጠነችው። አማቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው «ይሄማ ሽሮ የነካካው ውሃ ነው!» ብለው ሳቁና መለሱት። ወፈር ያለውን በሉ። ጾም ባይሆን ወተት ነበር። «እማማ፣ የሐይቋን ቅል ይክፈቷትና ይጠጡ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «ሰውየው አይቆጣ። ቅሏ ባለቤት አላት» አሉት መጋረጃውን። ድምፃቸው ሻክሯል። ማታም ወረድን፤ ጅግራው ጠጣ፣ ጦጣው ጠጣ፣ ሚዳቋዋም ጠጣች። አያ ገብሬ በትራቸውን አፈሩ ላይ ሲጭሩ አመሹ። የወይራው ሥር ርሶ እንደነበር ያን ዕለት አይቻለሁ። በዚህ በጋ ይሄ አፈር ከምን ረጠበ ብዬ አልፌዋለሁ።

ቅዳሜ የአማቴ ከንፈር ተሰነጠቀ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ክንዴን ያዙ። ክንዴን! ከእሳቸው ጋር ስንነካካ ከበቅሎዋ መውደቅ ወዲህ ሁለተኛችን ነው። ነገ ወንዙ ድረስ ሄጄ ቀድቼ አመጣለሁ ብዬ በልቤ ቆርጫለሁ። ደግሞ ፈራሁ፤ ለያለም ምን ብዬ እነግራታለሁ? እናትሽን ውሃ ፊት አስቀምጬ በጥም ገደልኳት ልበላት?

እንደ ሁልጊዜው ተቀመጥን። ጅግሮች መጡ፣ ጠጡና ሄዱ። ጦጣዎች መጡ። እኔ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ተነስቼ አያ ገብሬ ፊት ቆምኩ።

«አያ ገብሬ፣ ለጅግራ ተራ ሰጥተዋል። ለጦጣ ተራ ሰጥተዋል። ጅብ እንኳ ተራ አለው። የእናትዎ ልጅ ተራዋ መቼ ነው?»

ለተብርሃን አፏን ያዘች። ሽማግሌው ቀና አሉ። በትር የሚያነሱብኝ መስሎኝ ነበር። እጃቸውን ወደ ወይራው ግንድ ላኩ። ግንዱ ቀዳዳ አለው፤ ከዚያ ውስጥ በቅጠል የተከደነች ቅል አወጡ። ሙሉ ናት።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ናት። በሰው ተራ ነው የቀዳኋት» አሉ፤ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ። «አርብም ነበረች። ሐሙስም ነበረች። እጄ እምቢ እያለኝ፣ ሲመሽ እዚሁ እደፋታለሁ።»

እኔ ያየሁት እርጥብ አፈር ይሄ ኖሯል። አፍሬ ቁጭ አልኩ።

አያ ገብሬ ወደ እህታቸው ተጠጉ። ከቅሏ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱ። ከዚያ በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው አቀረቡላቸው። እኔ ልማዴ ነውና ፊቴን ወደ ደኑ አዞርኩ።

«ይመር!»

ደነገጥኩ። ስሜን ከሳቸው አፍ ሰምቼው አላውቅማ።

«ዞር አትበል ልጄ። ስምል ሰው ሰምቶኛል፤ ስጠጣም ሰው ይየኝ። ያለምን ስታገኛት ያየኸውን ንገራት።»

ዞርኩ። ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አድርገው ጠጡ። ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ ሲል፣ ውሃው በአገጫቸው ሲወርድ፣ ዓይናቸው ሲጨፈን አየሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ፊታቸውን እንደዚያ ገልጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ያለምን ይመስላሉ፤ ይህን እስከዚያች ሰዓት አላወቅኩም ነበር።

ጠጥተው ሲያበቁ ትንሿን ቅል ከጉያቸው አወጡ። «ይቺ ያንተ ናት አያ። የኔ አገር ውሃ ናት። አንተም ቅመስ።»

አያ ገብሬ ሰሙን በጥርሳቸው ፈለቀቁትና ተጎነጩ። ከሐይቅ እስከ ደሃና በፀሐይ የተቀቀለ ውሃ ነው። ፊታቸው ተጨማደደ። «ትተሽኝ የሄድሽው ለዚህ ነው?» አሉ።

«ለዚሁ ነው» አሉ አማቴ።

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ከዚያ በኋላ ያወሩት በኽምጣንጋ ነው፣ ለተብርሃንም አልተረጎመችልኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ሚዳቋዋ ከጥዱ ብቅ ብላ በሳቁ በርግጋ ገብታ ነበር፤ ኋላ ቀስ ብላ ተመለሰችና ጠጣች።

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ከአያ ገብሬ ቤት ስንጫወትና ስንስቅ ዋልን። ሰኞ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኙን። መመለሻውን በዝርዝር አልጽፈውም፤ ያው መንገድ፣ ያው ጨው ጫኝ መኪና፣ ያው ቁንጫ ነው። የሐጂ ማር ብቻ ተጨምሮልናል።

ቤት ስገባ ያለም ልጃችንን ታቅፋ፣ «እስቲ ምን አየህ?» አለችኝ። ጅግራውን ነገርኳት፣ ሰሱን፣ ጦጣይቱን ከነግልገሏ። «እናትሽም ውሃ ሲጠጡ አየሁ» አልኳት። ያለም ልጁን ቀስ አድርጋ አስተኛችና አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

አማቴ ዛሬም ቤታችን ሲመጡ እንጀራ ሲቀርብ ይጋረዳሉ፤ ልማድ ነው፣ አይቀርም። ቁጣ ሲኖራቸውም ያው ለድመቷ ነው የሚነግሯት። ውሃ ሲጠማቸው ግን ድመቷን ይተዋትና «ይመር፣ እስቲ ውሃ አቀብለኝ ልጄ» ይላሉ። በመዳፌ ቀምሼ እሰጣቸዋለሁ፣ እዚያው ፊቴ ይጠጣሉ።